ከተማ ስም ሲያወጣ

ድሬዳዋ የሚገባ አውሮፕላን የሚያርፈው በአባ ጠና ደጃዝማች ይልማ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከሚወርዱት መንገደኞች ግን ብዙዎቹ እኒህ ደጃዝማች ማን እንደነበሩ ቢጠየቁ መልስ ያጣሉ። ወደ ከተማ የሚወስዳቸው ባለ ባጃጅም «ኤርፖርት» ይላል እንጂ ስማቸውን አያነሣም። ስሙ በሰነድ ላይ አለ፤ በሰው አፍ ግን የለም።

ይህ ምዕራፍ የሚመለከተው ይህንኑ ክፍተት ነው። መንግሥታት ጎዳናን፣ አደባባይን፣ ሆስፒታልን፣ አውሮፕላን ማረፊያን በሰው ስም የሚሰይሙት ስሙ እንዲኖር ነው። የሚኖረው ግን ጥቂቱ ነው። አንዱ ስም ሥርዓት ሲለወጥ ይፋቃል፣ ሌላው ሳይፋቅ ይረሳል፣ ሦስተኛው ደግሞ ማንም ሳያዘው ትውልድ ይሻገራል። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ድሬዳዋ ጥሩ መነሻ ናት። ገና ስትመሠረት በአዋጅ የተሰጣትን ስም ትታ ሌላ ይዛ የቀረች ከተማ ናትና።

የአባትና የልጅ ዕጣ

ደጃዝማች ይልማ የራስ መኮንን ወልደ ሚካኤል ታላቅ ልጅ፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው የነገሡት የተፈሪ መኮንን የአባት ወገን ወንድም ናቸው። አባትየው ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ሐረርን አስተዳድረዋል፤ በዐድዋ ዘምተዋል፤ ለአፄ ምኒልክም በውጭ ጉዳይ ዋና ሰው ነበሩ። በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ቁልቢ ላይ ሲያርፉ ንጉሠ ነገሥቱ የሐረርን ግዛት ለይልማ ሰጡ። ገና ልጅ ለነበሩት ለተፈሪ ሰላሌ ደረሳቸው። የይልማ ዘመን ግን አጭር ነበር፤ በ1900 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐረፉ። ሐረር ወደ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ፣ ከዚያም በ1902 ዓ.ም. ወደ ተፈሪ ተላለፈ።

«አባ ጠና» የፈረስ ስማቸው ነው። በዚያ ዘመን መኳንንቱ ከጦር ፈረሳቸው የተወሰደ ሁለተኛ ስም ነበራቸው፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ተፈሪ አባ ጠቅል፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ ነበር። የራስ መኮንን ፈረስ ቃኘው የሚባል ሲሆን ከሁሉም ርቆ የሄደው የእሱ ስም ነው። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ቃኘው ተባለ። አስመራ ላይ የነበረው የአሜሪካ የመገናኛ ጦር ሰፈርም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። የሐረሩ ገዢ ፈረስ ስም በዚህ መንገድ ከምሥራቅ እስያ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ አገር ደረሰ።

የራሳቸው የራስ መኮንን ስም ደግሞ ሦስት ቦታ ተጽፎ ሦስት ዓይነት ዕጣ ገጥሞታል። አዲስ አበባ ፒያሳ አጠገብ ራስ መኮንን ድልድይ አለ። ስሙ ድልድዩን አልፎ የሰፈር ስም ሆኗል፤ ታክሲ ረዳቱ ሲጣራበት ስለ ሰውየው ታሪክ አያስብም፣ ስሙ ግን በየቀኑ ይነሣል። በስድስት ኪሎ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ራስ መኮንን አዳራሽ አለ። ዩኒቨርሲቲው የልጃቸውን ስም ከአብዮቱ በኋላ ሲያጣ አዳራሹ የአባትን ስም ይዞ ቀርቷል። ሦስተኛው ቦታ ሐረር ነው። ክሮኤሽያዊው የቅርጻ ቅርጽ ባለሙያ አንቱን አውጉስቲንቺች የሠራው የራስ መኮንን ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በተነሣው ሁከት ተገፍቶ ወደቀ።

ሰውየው አንድ ናቸው። ድልድዩ ላይ ስማቸውን የሚቃወም አልተነሣም፤ ሐረር ላይ ግን ሐውልታቸው ፈረሰ። ድልድዩ የሚያሻግር ነገር ስለሆነ ስሙ ከአገልግሎቱ ጋር ተዋህዷል። ሐውልቱ ግን ከማስታወስ በቀር ሌላ ሥራ የለውም፤ ስለዚህ ተመልካቹ ከሰውየው ታሪክ ጋር ፊት ለፊት ይገጥማል። በዚያ ምድር ደግሞ ያ ታሪክ ለአንዱ የአገር ግንባታ፣ ለሌላው የመወረር ትዝታ ነው። ሰውን በአደባባይ ለማክበር የሚነሣ ሁሉ ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል፤ የስም ትርጉም የሚወሰነው በሰጪው አሳብ ብቻ ሳይሆን በሚያየው ሰው ትዝታም ጭምር ነው።

አዲስ ሐረር የተባለችው ከተማ

የጅቡቲ ባቡር ሐረርን ሊነካ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ሐዲዱን ከቆላው ወደ ሐረር ተራሮች ማውጣት ገንዘቡንም ጉልበቱንም የሚጨርስ ሆነ። የባቡሩን ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. ከአፄ ምኒልክ የተቀበሉት ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግና ሸሪካቸው ፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኔ የጀመሩት ሥራ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ ላይ ማረፊያ አበጀ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደረሰ፤ በዙሪያውም ከተማ በቀለ። ከተማዋም አዲስ ሐረር ተባለች።

ስሙ አመክንዮ ነበረው። ባቡሩ ያልደረሰላት ጥንታዊት ሐረር በስም እንድትካስ፣ አዲሱ ከተማም ከአሮጌው ክብር እንዲካፈል ያደርጋል። ሆኖም አልያዘም። በአካባቢው ያሉት ሶማሌዎችና ኦሮሞዎች ሜዳውን አስቀድመው የሚጠሩበት ስም ነበራቸው። ነጋዴው፣ ግመል ነጂው፣ የሐዲድ ሠራተኛው በዚያው ስም ቀጠለ። አዲስ ሐረር በወረቀት ላይ ጥቂት ቆይቶ ጠፋ፤ ድሬዳዋ ቀረች።

የሰፈሮቿም ስሞች የወጡት በዚሁ መንገድ ነው። የባቡር ኩባንያው በቀጥታ መስመር የለካው፣ ጥላ ባላቸው ዛፎች የተሸፈነው ክፍል ከዚራ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ አለ። ቀፊራ የገበያ ስም ነው። ግሪክ ካምፕ ከግሪኮቹ ነዋሪዎች፣ ታይዋን ከሚሸጥበት የውጭ ዕቃ ስማቸውን አገኙ። ነምበር ዋን፣ ሳቢያን፣ ለገሃሬ፣ አሸዋ፣ ገንደ ቆሬ፣ መልካ ጀብዱ፣ አፈተኢሳ እያልን ብንቆጥር የአንድም ሹም ስም አናገኝም። ያሉት የሙያ፣ የገበያ፣ የውኃ፣ የነዋሪ ስሞች ናቸው፤ የወጡትም ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛ፣ ከሶማልኛ፣ ከዐረብኛ፣ ከአውሮፓ ቋንቋዎች ነው። ማንም ስብሰባ አልጠራባቸውም፤ ሁሉም ግን ይግባባባቸዋል።

መንግሥት ከተማዋን ሲከፋፍል የመረጠው ደግሞ ቁጥር ነበር። ቀበሌ 01፣ ቀበሌ 02 እየተባለ ተቆጠረ። ቁጥር ለመዝገብ ይመቻል፣ ማንንም አያስቀይምም። ነገር ግን ሰው ሲቀጣጠር «ከዚራ» ይላል፤ የቀበሌ ቁጥሩን የሚያነሣው መታወቂያ ሲያወጣ ነው። ከዚህ የምንማረው ቀላል ነገር አለ። የአደባባይ ስም ሁለት ዳኞች አሉት፤ አንዱ የሚጽፈው ቢሮ፣ ሌላው የሚጠራው ሕዝብ። ሁለተኛው ያልፈረደለት ስም ታርጋ ላይ ይቀራል።

ሥልጣን በሕይወት ሳለ ሲሰይም

በኢትዮጵያ የስም ታሪክ ውስጥ ከሁሉም ግልጽ የሆነው ትምህርት ያለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። በ1954 ዓ.ም. የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ተጠራ። የአዲስ አበባው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያም፣ ቴአትር ቤቱም፣ ሆስፒታሉም እንዲሁ። የአልጋ ስማቸው ብቻ ሳይሆን የልጅነት ስማቸውም ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ላይ ተጽፎ ነበር።

የ1966ቱ አብዮት ሲመጣ እነዚህ ስሞች በተከታታይ ወረዱ። ዩኒቨርሲቲው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ቦሌ፣ ቴአትሩ ብሔራዊ ቴአትር፣ ሆስፒታሉ የካቲት 12፣ ትምህርት ቤቱ እንጦጦ ተባሉ። በ1949 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ለሞቱት ለሐረር መስፍን ልዑል መኮንን መታሰቢያ ታስቦ የተሠራው ታላቅ ሆስፒታልም ጥቁር አንበሳ ሆነ። ደርግ በተራው መስቀል አደባባይን አብዮት አደባባይ ብሎ ሰየመ። በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ አደባባዩ ወደ መስቀል ተመለሰ፤ የሌኒን ሐውልትም ከቆመበት ወረደ። ቀጥሎ የመጣው ሥርዓት ደግሞ የባሕር ዳርን አውሮፕላን ማረፊያ በድሉ ቀን ግንቦት 20 አለው። ያም ስም አልቆየም፤ ዛሬ ማረፊያው የአርበኛው የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ነው።

ከዚህ ዝርዝር አንድ ሕግ ይወጣል። ሥልጣን በእጁ ያለ ሰው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ወይም ለድሉ የሚሰጠው ስም አብዛኛውን ጊዜ ከሥልጣኑ ዕድሜ አይረዝምም። ምክንያቱም ተከታዩ ሥርዓት የሚያነበው ስሙን እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ባለቤትነት ምልክት ነው። በአንጻሩ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልና ራስ ደስታ ዳምጠው ሆስፒታል ሦስት ሥርዓት አልፈው ስማቸውን እንደያዙ አሉ። ራስ ደስታ ጣሊያንን ሲዋጉ ተይዘው በ1929 ዓ.ም. የተገደሉ አርበኛ ናቸው። የንጉሡ አማች መሆናቸው ሊያስነቅፋቸው ሲችል የአርበኝነታቸው ዋጋ ጠበቃቸው።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። ናይሮቢ ላይ የዛሬው ኬንያታ ጎዳና በቅኝ ግዛት ዘመን የእንግሊዛዊው ባለ ርስት የደላሚር ጎዳና ነበር። የአክራ አውሮፕላን ማረፊያ ክዋሜ ንክሩማህን እ.ኤ.አ. በ1966 ከገለበጡት መኮንኖች በአንዱ፣ በጄኔራል ኮቶካ ስም ተሰይሞ ለአሥርት ዓመታት ጋናውያንን አከራክሯል። በአሜሪካዋ ዌስት ቨርጂኒያ ደግሞ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በሴኔት የተቀመጡት ሮበርት በርድ ገና በሥልጣን ላይ ሳሉ ጎዳናዎች፣ ድልድዮችና ሕንጻዎች በስማቸው ተጠርተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ለግዛቲቱ የፌዴራል በጀት የሚያመጡት እርሳቸው ነበሩ። ገንዘቡ ግን የግብር ከፋዩ ነው። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ መንገድ ላይ የሹም ስም ሲጻፍ የከፈለው ይረሳና ያስከፈለው ይመሰገናል።

አውራ ጎዳናው ለምን የሰው ስም የለውም?

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከተማ ውስጥ ያሉ ጎዳናዎቻችን የሰው ስም ሲይዙ ከከተማ ከተማ የሚዘረጉት አውራ ጎዳናዎች ግን የሚጠሩት በመነሻና በመድረሻቸው ነው። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ድንበር የሚወጣው የክፍያ መንገድ ድሬዳዋ–ደወሌ ነው። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው ፈጣን መንገድ አዲስ–አዳማ ነው። ባቡሩም ለአንድ መቶ ዓመት ያህል የጅቡቲ ባቡር ነበር፤ የኢልግም የሸፍኔም ባቡር ተብሎ አልተጠራም።

ይህ ልማድ ጥበብ አለው። ረጅም መንገድ የብዙ ወረዳና የብዙ ሕዝብ ነው። በመነሻው የሚከበር ሰው በመድረሻው ላይታወቅ ወይም ላይወደድ ይችላል። የጭነት ሹፌርም የሚፈልገው የት እንደሚያደርሰው ማወቅ ነው። አሜሪካኖች አገራቸውን የሚያቋርጠውን የፈጣን መንገድ መረብ እ.ኤ.አ. በ1990 በሕግ በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ስም ሰይመውታል፤ አሽከርካሪው ግን እስከ ዛሬ የሚጠራው የመንገዱን ቁጥር ነው። የእኛ «ድሬዳዋ–ደወሌ» ክብር ባያጎናጽፍም ማንንም አያሳስትም፣ ማንንም አያገልልም። ሊጠበቅ የሚገባው ልማድ ነው።

የሰው ስም የሚያምርበት ቦታ ሌላ ነው፤ ያም ሰው በእግሩ የሚደርስበት፣ ሥራው በዓይን የሚታይበት ስፍራ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአትሌት አበበ ቢቂላ ስም ስታዲየም ላይ መጻፉ ራሱ ማብራሪያ ነው። ስታዲየም የገባ ልጅ አበበ ማን እንደነበር ከቦታው ይረዳል። የደጃዝማች ባልቻ ስም ግን ሆስፒታል ላይ ሲጻፍ በሽተኛው ከዐድዋው መድፈኛ ጋር የሚያገናኘው ነገር አያገኝም። ሰውየው ስለማይገባቸው አይደለም፤ ቦታው ስለማይናገርላቸው ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ከስሙ ሥር ጥቂት መስመር ታሪክ መጻፍ ግዴታ ይሆናል።

የጋራ ከተማ፣ የጋራ ስም

የኢትዮጵያን አውሮፕላን ማረፊያዎች ስም በተርታ ብናነብ የአገሪቱን የክልል ካርታ የምናነብ ያህል ነው። አክሱም አፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ መቀሌ አሉላ አባ ነጋ፣ ጎንደር አፄ ቴዎድሮስ፣ ባሕር ዳር በላይ ዘለቀ፣ ጅማ አባ ጅፋር፣ ጅግጅጋ ገራድ ዊልዋል። እያንዳንዱ ከተማ የአካባቢውን ጀግና አቁሟል። ጀግናው ለከተማው ነዋሪ የሚነግረው ብዙ ነው፤ ክርክሩም በአብዛኛው በቤት ውስጥ ያልቃል።

ድሬዳዋ ግን እንዲህ ያለ ምቹ ምርጫ የላትም። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ አርጎባው አብሮ የሚኖርባት ከተማ ናት። ሁለት ክልሎች የይገባኛል ጥያቄ ስላነሡባት በ1996 ዓ.ም. በወጣ ቻርተር ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ሆኖ ትተዳደራለች። እዚህ አንድን ፖለቲከኛ በአደባባይ ማቆም ለአንዱ ወገን አክሊል፣ ለሌላው ስድብ ሊሆን ይችላል። የከተማዋ ሕዝብ ለሰፈሮቹ ስም ሲያወጣ ሹማምንቱን ያላስገባው ለዚህም ይመስለኛል፤ አብሮ የሚኖር ሰው የሚያጋጭ ስም አይመርጥም።

ታዲያ ድሬዳዋ ማንንም በስም አታክብር ማለት ነው? አይደለም። ሁሉም የሚቀበላቸው ሰዎች አሏት። አሊ ቢራ ድሬዳዋ ተወልዶ፣ በአፍረን ቀሎ የኪነት ቡድን ገና በልጅነቱ ያዜማት ዘፈን «ቢራ» የሚለውን ስም አትርፋለት፣ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛ፣ በዐረብኛና በአማርኛ የዘፈነ ድምፃዊ ነው። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ ለቅሶው የአንድ ብሔር ብቻ አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰው የድሬዳዋን ጠባይ በራሱ ሕይወት ያሳየ ነው።

ከአሊ ቢራ ሌላ ደግሞ በየግል ስማቸው የማናውቃቸው ባለ ውለታዎች አሉ። ሐዲዱን የዘረጉ፣ በጥገናው ወርክሾፕ ብረት የቀጠቀጡ፣ ለትውልዶች ባቡሩን ያንቀሳቀሱ የምድር ባቡር ሠራተኞች ከተማዋን የሠሯት እነሱ ናቸው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የሞላው ደቻቱ ደግሞ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወስዷል። አንድ አደባባይ «የምድር ባቡር ሠራተኞች»፣ በወንዙ ዳር ያለ አንድ ስፍራ «የደቻቱ ሰማዕታት» ቢባል ማን ይቃወማል? ስም ለታላላቅ ሰዎች ብቻ የተመደበ ርስት አይደለም።

ስም ለሚያወጡ

ስም ከመቃብር በላይ ነው ይባላል። እንዲህ ከሆነ በችኮላ ሊሰጥ አይገባም። ከዚህ ምዕራፍ ታሪኮች የሚወጡትን ምክሮች ለከተማ ምክር ቤቶቻችን በግልጽ ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ በሥልጣን ላይ ላለ ሰው ስም አይሰጥ። አሜሪካ በዋና ከተማዋ በዋሽንግተን በፌዴራል መሬት ላይ ለግለሰብ መታሰቢያ የሚቆመው ሰውየው ከሞተ 25 ዓመት ካለፈ በኋላ እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ1986 ሕግ አውጥታለች። የእኛ ከተሞችም የራሳቸውን የጥበቃ ዓመት ይወስኑ። እንደ ኃይሌ ገብረሥላሴ ያለ አትሌት በሕይወት እያለ በአዲስ አበባ ጎዳና ቢሰየምለት ሥራው ሁሉም ባየው ሩጫ የተረጋገጠ ነው። የፖለቲከኛ ሥራ ግን የሚመዘነው ቆይቶ ነው።

ሁለተኛ፣ የነበረ ስም ያለ ብርቱ ምክንያት አይሻር። ከዚራን፣ መጋላን፣ ቀፊራን በሹም ስም ለመተካት መሞከር የሕዝብን መዝገብ መቅደድ ነው፤ አዲሱም ስም እንደ አዲስ ሐረር ይጠፋል።

ሦስተኛ፣ ስም ከመውጣቱ በፊት ነዋሪው ይጠየቅ። በተለይ እንደ ድሬዳዋ ባለ የጋራ ከተማ የአንድ ወገን ደስታ ለሌላው ቁስል እንዳይሆን ምክክሩ በየሰፈሩ፣ በየቋንቋው ይሁን።

አራተኛ፣ ስም የተሰጠው ሁሉ ታሪኩ አብሮት ይጻፍ። ይህ ደጃዝማች ይልማንም ይጨምራል። ማን እንደነበሩ፣ መቼ እንደገዙ፣ ለምን «አባ ጠና» እንደተባሉ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ተጽፎ መንገደኛው ሻንጣውን በሚጠብቅበት ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ብዙ ወጪ የለውም።

አንባቢ ሆይ፣ በምትኖርበት ሰፈር በሰው ስም የተጠራ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም ጎዳና ካለ ያ ሰው ማን እንደነበር ለልጅህ መንገር ትችላለህ? ካልቻልህ ዛሬውኑ ሽማግሌ ጠይቅ። ምክር ቤት ስምን ይወስናል፤ የሚያኖረው ግን የሚያውቀውና የሚጠራው ሕዝብ ነው።